ደጃፉን የማይዘጋ ኮሌጅ

የፈተና ውጤት በሚነገርበት ሰሞን በየሰፈራችን ሁለት ዓይነት ቤት ይታያል። በአንደኛው ቤት ቡና ይፈላል፤ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፤ እልልታ ይሰማል። በሁለተኛው ቤት ግን ልጅ ከአባቱ ዓይን ሸሽቶ ከጓዳ ይውላል፤ እናትም ጎረቤት እንዳይጠይቃት ከደጅ መውጣትን ትፈራለች። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንደሚባለው፣ ትናንት «ጐበዝ ልጅ» ሲለው የነበረው ሁሉ ዛሬ «ቀድሞም ነገሩ አላማረኝም ነበር» ይላል።

የሁለተኛው ዓይነት ቤት ቍጥር ደግሞ ቀላል አይደለም። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በተሰጠው ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3 ነጥብ 3 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሐምሌ በተሰጠው ፈተና ከመቶ 3 ነጥብ 2 ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5 ነጥብ 4 ከፍ አሉ። ፈተናው መጥበቁ፣ ኩረጃም መቅረቱ ተገቢ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኛም በዚህ ክርክር የለንበትም። ነገር ግን ፈተናው የቱንም ያህል ትክክለኛ ቢሆን፣ «ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠው ወጣት ከነገ ጀምሮ ወዴት ይሂድ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ሚዛን የዕቃውን ክብደት ይናገራል እንጂ ዕቃው የት እንደሚቀመጥ አይናገርም።

ከዚህ ጥያቄ ጋር በቅርብ የተዋወቅነው በአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛችን ምክንያት ነው። በአንድ ወንበር ተቀምጠን ተምረን፣ በአንድ አዳራሽ ተፈትነን፣ እኛ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ እርሱ በጥቂት ነጥብ ጐድሎበት ቀረ። በሒሳብ ከመካከላችን የሚደርስበት አልነበረም፤ እንግሊዝኛው ግን አላገዘውም። ሥራ ፈልጎ ካጣ በኋላ የዲቪ ዕጣ ደረሰውና ወደ አሜሪካ ሄደ። በዋሺንግተን ከተማ አጠገብ ሌሊት ሌሊት በመኪና ማቆሚያ ቤት እየሠራ ሳለ፣ ከመኖሪያው በአውቶቡስ ወደሚደረስ አንድ ኮሌጅ ለመመዝገብ ሄደ። ያን የቀረበትን ነጥብ እንዳያነሡበት ልቡ እየመታ ነበር ከመዝገብ ቤቱ የገባው። የጠየቁት ግን ስንት ነጥብ እንዳመጣ ሳይሆን ከሥራ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ነበር።

ይህች ትንሽ ጥያቄ የዛሬውን ጽሑፋችንን አስጻፈችን። የተፈታኙን ነጥብ ሳይሆን የሠራተኛውን ሰዓት የሚጠይቅ ኮሌጅ ምን ዓይነት ኮሌጅ ነው? ማን አቋቋመው? ምንስ ያስተምራል? ደግሞስ እንደሚወራለት ያህል የተዋጣለት ነውን?

አመጣጡ

የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ቤት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይባላል፤ በአማርኛ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ልንለው እንችላለን። የሕዝብ ነው፤ ወጪው በከፊል ከግዛቱ መንግሥትና ከአካባቢው ግብር፣ በከፊልም ተማሪው ከሚከፍለው ይሸፈናል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ሁሉ ያለ መግቢያ ፈተና ይቀበላል። በአብዛኛው የሁለት ዓመት ትምህርት ይሰጣል፤ የሚያገለግለውም በመጀመሪያ ደረጃ የራሱን አካባቢ ሰው ነው።

እስከ ዛሬ ከሚሠሩት መካከል የመጀመሪያው የተከፈተው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ ነው። (ከዚህ በኋላ የአሜሪካን ዓመታት የምንጠቅሰው ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) የሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐርና የጆሊየት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ስታንሊ ብራውን ተማክረው፣ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ትምህርት በዚያው በከተማቸው ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። አገሩን ለቆ፣ ቤት ተከራይቶ ለመማር ዐቅም የሌለው ልጅ ከእናቱ ቤት እየተመላለሰ ይማር ዘንድ ነው። በመጀመሪያ የተመዘገቡት ተማሪዎች 6 ብቻ ነበሩ። ዛሬ በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ኮሌጆች ቍጥር ወደ አንድ ሺህ ይጠጋል።

ከስድስት ተማሪ ወደዚህ ያደረሰው አንዱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1944 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወታደር በመንግሥት ወጪ እንዲማር ስለ ፈቀደ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ በተማሪ ተጨናነቁ። ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሲዮን በ1947 ዓ.ም. ባቀረበው ሪፖርት፣ ክፍያቸው አነስተኛ የሆነ ወይም ጭራሹን የማያስከፍሉ የማኅበረሰብ ኮሌጆች በመላው አገር እንዲስፋፉ አሳሰበ። ስሙም በይበልጥ የታወቀው ከዚህ ሪፖርት ወዲህ ነው።

ቀጥሎም በ1960 ዓ.ም. የካሊፎርኒያ ግዛት የከፍተኛ ትምህርቱን ሁሉ በአንድ ፕላን አደራጀ። ከሁለተኛ ደረጃ ከሚወጡት ተማሪዎች ከስምንት አንዱ እጅ በውጤት የላቁት ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሦስት አንዱ እጅ ወደ ግዛቱ ኮሌጆች ለመግባት ይበቃሉ፤ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ግን ለቀረው ሁሉ ክፍት ይሆናሉ። የፕላኑ ቁም ነገር ግን ክፍፍሉ ብቻ አይደለም። ከታች የጀመረው ተማሪ በትምህርቱ ከበረታ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ላይኛው ዩኒቨርሲቲ የሚሻገርበት መንገድ አብሮ ተጠርጎለታል። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አንድ ቀን ባመጣው ውጤት ዕድሜ ልኩን እንዳይታሰር ማለት ነው። ዛሬ በካሊፎርኒያ 116 እንደዚህ ያሉ ኮሌጆች አሉ፤ ለግዛቱ ነዋሪ የአንድ ክሬዲት ክፍያ 46 ዶላር ነው። የሁለት ዓመቱ ዲፕሎማ 60 ክሬዲት ስለሚጠይቅ፣ ጠቅላላው የትምህርት ክፍያ 2,760 ዶላር ይሆናል ማለት ነው፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ነዋሪ ከዚህም ነጻ የሚሆንበት ደንብ አለ።

አራቱ በሮች

ስለሚሰጡት ትምህርት ለመናገር፣ የአገራችን ሰው በብዛት በሚኖርበት በዋሺንግተን ዙሪያ ያሉትን ሁለት ኮሌጆች ምሳሌ እናድርግ።

የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በ1946 ዓ.ም. ሲጀምር የራሱ ሕንፃ አልነበረውም፤ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ማታ ማታ ነበር የሚያስተምረው። በ1950 ዓ.ም. በታኮማ ፓርክ የነበረውን የብሊስ የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት ግቢ ይዞ የራሱ ቤት አገኘ። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ይሠለጥኑበት የነበረው ቦታ ለኮሌጅ መነሻ መሆኑ ያስደስተናል፤ እጅና አእምሮ በአንድ ግቢ ቢኖሩ እንደማይጣሉ ያሳያልና። ሁለተኛው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። በ1965 ዓ.ም. በአንድ ሕንፃ ውስጥ በ761 ተማሪዎች ጀምሮ ዛሬ ስድስት ግቢዎች አሉት። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት ወይዘሮ ጂል ባይደን ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆነው የሠሩት በዚህ ኮሌጅ ነው፤ ባለቤታቸው በፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው ሳሉም ማስተማሩን አልተዉም ነበር።

ወደ እንደነዚህ ያሉት ኮሌጆች የሚገባው ሰው በአራት በሮች ይገባል ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

የመጀመሪያው የመሻገሪያ በር ነው። ተማሪው የዩኒቨርሲቲውን የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ትምህርት፣ ማለትም ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ኬሚስትሪ፣ ኢኮኖሚክስና የመሳሰለውን በአነስተኛ ዋጋ ተምሮ፣ ወደ ሦስተኛ ዓመት ይዛወራል። በቨርጂኒያ ኮሌጆቹና ዩኒቨርሲቲዎቹ ውል ስላላቸው፣ የተወሰነውን ማርክ አሟልቶ ዲፕሎማውን የያዘ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው መግባቱ አስቀድሞ የተረጋገጠለት ነው። በመጨረሻ የሚቀበለው ዲግሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከቈየው ልጅ ዲግሪ ጋር አንድ ነው።

ሁለተኛው የሙያ በር ነው። ነርስነት፣ የጥርስ ንጽሕና ባለሙያነት፣ የራጅና የአልትራሳውንድ ሥራ፣ የእንስሳት ሕክምና ረዳትነት፣ የመኪና ጥገና፣ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሣሪያ ሥራ፣ የሕፃናት አስተማሪነት፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ የኮምፒዩተር ጥበቃ ይገኙበታል። ከእነዚህ ሁሉ ስለ ነርስነቱ አንድ ነገር እንጨምር። ከኮሌጁ በዲፕሎማ የወጣችውም፣ ከዩኒቨርሲቲ በአራት ዓመት ዲግሪ የወጣችውም ለሥራ ፈቃድ የሚቀመጡት ለአንድ ዓይነት ፈተና ነው። ሆኖም የነርስ ትምህርት ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ በመሆኑ ለእርሱ ውድድር አለ፤ ባዮሎጂውንና የመሳሰለውን አስቀድሞ ጨርሶ መገኘት ግድ ነው። ስለዚህ የውጭው ደጃፍ ለሁሉ ክፍት ቢሆንም በስተውስጥ የሚያንኳኩት ሌላ በር እንዳለ መደበቅ አይገባም።

ሦስተኛው የአጭር ጊዜ ሥልጠና በር ነው። በጥቂት ወራት አንድ የተወሰነ ሙያ ተምሮ የምስክር ወረቀት ይዞ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው በዚህ ይገባል። ቀደም ሲል ዲግሪ ይዞ ሥራው ያረጀበት የአርባ ዓመት ጐልማሳም እንደ አዲስ ለመማር በዚሁ በር ሲገባ ይታያል።

አራተኛው የመሠረት በር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ለማጠናቀቂያው ፈተና የሚዘጋጅበት፣ እንግሊዝኛ ያልሆነለት ስደተኛ ቋንቋ የሚማርበት ነው። የኢትዮጵያ፣ የኤል ሳልቫዶር፣ የቬትናም ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ስሙንና ሥራውን በአዲስ ቋንቋ ሲናገር የሚሰማው በዚህ ክፍል ነው።

አራቱን በሮች አንድ የሚያደርጋቸው የጊዜው አመዳደብ ነው። ትምህርቱ በቀን፣ በማታ፣ በቅዳሜ፣ ዛሬ ደግሞ በኢንተርኔት ይሰጣል። ተማሪው እንደ ዐቅሙ በአንድ ወቅት አምስት ትምህርት ወይም አንድ ትምህርት ብቻ ሊወስድ ይችላል፤ ያለፈበት ክሬዲት እንደ ባንክ ገንዘብ ተመዝግቦ ይቈየዋል።

ክፍት በር ብቻውን አይበቃም

እስከዚህ ያልነው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ብቻ ጽፈን ብንተው አንባቢያችንን እንደማታለል ይቈጠርብናል።

የካሊፎርኒያው ፕላን በወጣበት በ1960 ዓ.ም. በርተን ክላርክ የተባሉ የሶሲዮሎጂ ምሁር በሳን ሆዜ ከተማ የሚገኘውን አንድ ኮሌጅ አጥንተው መራራ ነገር ተናገሩ። በብዙ ምኞት የሚገባውን ተማሪ፣ ኮሌጁ አንተ አትችልም ብሎ በግልጽ ሳያባርረው፣ በምክርና በዝቅተኛ ትምህርት እያዘናጋ ምኞቱን ቀስ በቀስ ያቀዘቅዘዋል አሉ። ተማሪውም ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ያለ ኡኡታ ይወጣል። በሌላ አነጋገር፣ አንዱ ትምህርት ቤት በደጅ የሚጥለውን ሌላው ከገባ በኋላ በጓዳ በር ያስወጣዋል ማለት ነው።

ይህ ከተባለ ስድሳ ዓመት ቢያልፍም ነገሩ ጨርሶ አልተሻረም። ወደ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ከሚገቡት ብዙዎቹ ዓላማቸው የአራት ዓመቱን ዲግሪ ማግኘት ነው። ሆኖም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገሩት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሲሆኑ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ዲግሪውን የሚይዙት ከመቶ 16 ያህል ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ስንፍና ነው ለማለት የሚቸኩል ሰው ይኖራል። ነገር ግን ተማሪው ሠራተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም ወላጅ ነው። ዓመታትን የፈጀበት የማጠናከሪያ ትምህርት ለዲግሪው አይቈጠርለትም፤ ሲዛወርም ዩኒቨርሲቲው የተወሰነውን ክሬዲት አልቀበልም ሊለው ይችላል። ከዚህ ሁሉ ላይ መንገዱን የሚያሳየው አማካሪ ያጣል፤ አማካሪ ቢኖርም አንዱ ለብዙ መቶ ተማሪ ይደርሳልና።

ጓደኛችንም ይህ ደርሶበታል። ሁለት ዓመት ይባል የነበረው ትምህርት ቋንቋው፣ ማጠናከሪያው፣ የነርስነቱ ቅድመ ትምህርት ሲደማመር አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። በሁለተኛው ዓመት የሥራ ሰዓቱ ቢለወጥበት ትምህርቱን አቋረጠ፤ ከኮሌጁ የት ሄድክ ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። በሩ ሲገባ እንደ ተከፈተለት ሁሉ ሲወጣም ክፍት ነበር። ከወራት በኋላ የክፍያ ጉዳይ ሊጨርስ በሄደበት ቀን አንዲት አማካሪ ማኅደሩን ገልጣ፣ የቀሩትን ትምህርቶች በወረቀት ዘርዝራ፣ ከአዲሱ የሥራ ሰዓቱ ጋር አስማምታ ሰጠችው። እስከ ዛሬ ያደረሰችው ያች ወረቀት መሆኗን ይናገራል።

አንድ ወረቀት ይህን ያህል ይሠራል ወይ? የሚል ቢኖር፣ የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ኮሌጆቹ በ2007 ዓ.ም. የጀመረውን ፕሮግራም እንጥቀስለት። ለተማሪው ዘወትር የሚያገኘው አማካሪ ይመደብለታል፤ ያልተሸፈነ የትምህርት ክፍያ ካለ ይሞላለታል፤ የመጻሕፍት እርዳታና የከተማ ባቡርና አውቶቡስ መሳፈሪያ ይሰጠዋል። እርሱም በፈንታው ሙሉ ጊዜ ለመማር ይስማማል። ውጤቱን ለማወቅ ወደ 900 የሚጠጉ ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከተረዱት መካከል ከመቶ 40፣ ካልተረዱት መካከል ከመቶ 22 ተመረቁ። ተማሪዎቹ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ የተለየው ያገኙት ድጋፍ ነው።

ለእኛ ምን ይበጃል?

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፣ የአንድ ትምህርት ቤት ክብር በደጁ ስንቱን መለሰ በሚል ሳይሆን የገባውን ስንቱን ለፍሬ አበቃ በሚል መለካት እንዳለበት ነው። በር መዝጋት ቀላል ነው፤ በር መክፈትም ያን ያህል አይከብድም። ከባዱ ከገባው ሰው ጋር እስከ መጨረሻው መሄድ ነው።

የአሜሪካንን ኮሌጅ እንዳለ አምጥተን እዚህ እንትከል አንልም፤ የሌላ ሰው ጫማ እግር ይልጣልና። ደግሞም ባዶ እጃችንን አይደለንም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በየከተማው አሉ፤ የማታ ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማለፊያውን ነጥብ ላላገኙ ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት ተጀምሯል። ስለዚህ ጉዳዩ ከግድግዳው ይልቅ የመሰላሉ ነው። አንድ ወጣት በሙያ ኮሌጅ የተማረው ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሻገር ይቈጠርለታል ወይ? ቀን ሠርቶ ማታ መማር የሚፈልገው ሠራተኛ የሚፈልገውን ሙያ በሚፈልገው ሰዓት ያገኛል ወይ? ሲያቋርጥስ የት ሄድክ የሚለው ሰው አለው ወይ? በየመሥሪያ ቤቱ ፕላን የምታወጡ፣ ደንብ የምታረቁ ወጣት ሹማምንት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በጠረጴዛችሁ ላይ እንድታኖሩልን አደራ እንላለን። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ በጀት እንኳ አይጠይቅም።

ተማሪዎች ሆይ፣ ለእናንተም የምንለው አለ። ያለፋችሁት፣ የወደቀውን ጓደኛችሁን በምሳር አትምጡበት፤ ያለፋችሁት አንድ ፈተና ነው እንጂ ሕይወትን አይደለም። ያላለፋችሁትም ብትሆኑ ወደ ሙያ ኮሌጅ መሄድን እንደ ውርደት አትቍጠሩት። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ግቢ ለትልቅ ኮሌጅ መነሻ እንደ ሆነ ከላይ አይታችኋል።

ጓደኛችን አንድ የትምህርት ወቅት ቀርቶታል፤ ከዚያ በኋላ ለነርስነት ፈቃዱ ፈተና ይቀመጣል። ያልፋል ብለን አንተነብይም፤ እንመኝለታለን እንጂ። እናቱ ግን ዛሬም በሰፈራችን አሉ። በዚያ ዓመት በውጤት ሰሞን ከደጅ መውጣት ፈርተው የነበሩት እኒያ እናት፣ አሁን ውጤት በተነገረ ቍጥር ነጠላቸውን ጣል አድርገው እልልታ ወዳልተሰማበት ቤት ይሄዳሉ። ልጁን ከጓዳ አስጠርተው ከአጠገባቸው ያስቀምጡታል፤ ስንት እንዳመጣም አይጠይቁትም። የሚጠይቁት ከነገ ጀምሮ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ነው።